የሐይቅ ዳር የወል መሬት አያያዝ፦ ሀዋሳ ላይ ከየት ይጀመራል?

ይህ ጽሑፍ ሰፈሩ ሐይቁን ለሚነካ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ ላለ ወይም ጥቁር ውሃ ዳር ለሚኖር ሰው ነው። የማንም የማትመስል፣ ግን ሁሉም የሚጠቀምባት መሬት አለች አይደል? ልጆች ኳስ ይጫወቱባታል፣ ላም ይግጥባታል፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱባታል፣ ሲመሽ ደግሞ ጉማሬ ይወጣባታል። ስለ እሷ ነው የማወራው።

ብዙዎቻችን "ቦታውን እናልማው" ስንባባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ችግኝ ነው። ቀጥሎ አጥር። እኔ ሁለቱም መጨረሻ ላይ ይምጡ ባይ ነኝ። የወል መሬት የሚበላሸው ዛፍ አንሶት ሳይሆን የሚጠቀሙበት ሰዎች ስላልተስማሙ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሌ ትንሽ ቢያስገርማችሁ ታገሡኝ።

1ኛ፦ መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ እዩ

አንድ ደብተር ግዙ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከዚያም ከ11 ሰዓት በኋላ ሂዱና ማን ምን እንደሚያደርግ ጻፉ። በሥራ ቀንም፣ በእሑድም። ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም።

ሐይቅ ዳር ከሆነ የምታዩት ይህን ይመስላል። መረብ የሚያደርቅ ዓሣ አስጋሪ። ባጃጁን በባልዲ የሚያጥብ ሹፌር። ለበዓል ዋዜማ ቄጠማ አጭዳ የምትሸጥ እናት። ጀበና ቡና ይዛ የተቀመጠች ልጅ። ጫት ቅመው ገረባውን ከነፌስታሉ ትተው የሚነሱ ወጣቶች። ሙሽራ ይዞ የመጣ ፎቶ አንሺ። እነዚህ ሁሉ፣ ወደዳችሁም ጠላችሁም፣ የመሬቷ ባለድርሻዎች ናቸው። አንዱን ዘላችሁ ደንብ ብታወጡ ደንቡን የሚያፈርሰው እሱ ነው።

እንስሳውንም እንደ ተጠቃሚ መዝግቡት። ጉሬዛው የትኛው ዛፍ ላይ ያድራል? ጦጣዎቹ ከየት ወደ የት ይሻገራሉ? ራሱ ነጭ የሆነው ዓሣ አዳኝ ንስር የሚቀመጥባት ደረቅ ቅርንጫፍ የቷ ናት? አባ ኮዳውን፣ ያን መላጣ ትልቅ ወፍ፣ መፈለግ አያስፈልጋችሁም፣ እሱ ራሱ ያገኛችኋል። ጉማሬው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከውሃ የሚወጣበትን መንገድ በቀን፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ከዱካው ለዩት። ሳሩ ተረግጦ እንደ ቦይ የተቦረቦረ መስመር ታያላችሁ። በዚያው መስመር ይመላለሳልና ካርታችሁ ላይ በቀይ አስምሩበት።

2ኛ፦ ወረቀቱን ጨርሱ

አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ይህን የዘለለ ሰፈር ሁለት ዓመት ለፍቶ ቦታውን ለሌላ ያስረክባል።

ቀበሌ፣ ከዚያም ክፍለ ከተማ ሂዱና ቦታው በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ ለምን አገልግሎት እንደተያዘ ጠይቁ። አረንጓዴ ቦታ ነው? የሐይቅ መከለያ? መንገድ? ወይስ ለሌላ ልማት የታሰበ? "የጋራ ነው ባክህ" የሚል የቃል መልስ አይበቃም። በደብዳቤ ጠይቁ፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠው፣ መልሱም ማህተም ያረፈበት ይሁን። ሕገ መንግሥቱ መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የሕዝብ ንብረት ነው ይላል፣ አንቀጽ 40። አንቀጽ 91 ደግሞ የተፈጥሮ ሀብትንና የታሪክ ቦታዎችን መጠበቅ የመንግሥት ብቻ ሳይሆን የዜጎች ሁሉ ግዴታ ነው ይላል። ደብዳቤያችሁ ላይ ሁለቱንም ጥቀሱ፤ የሚያነበው ሰው አኳኋኑን ያስተካክላል።

ድንበሩን በድንጋይ አመልክቱ፣ ፎቶ አንሱ፣ ቀን ጻፉበት። ምክንያቱም ወረራ በአንድ ሌሊት አይመጣም። መጀመሪያ አንድ ገልባጭ መኪና የቤት ፍርስራሽ ይደፋል። ማንም ምንም አይልም። ከርሞ ፍርስራሹ ይደለደላል። ከዚያ ሁለት ዣንጥላና አራት የፕላስቲክ ወንበር ይመጣል። ክረምት ሲገባ ዝናብ ነውና ቆርቆሮ ይመታል። ቆርቆሮ ካለ መብራት ይቀጠላል። ቆጣሪ የገባለትን ቤት ማስነሳት ምን እንደሚመስል ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። እና ጩኸቱ መሰማት ያለበት ፍርስራሹ የተደፋ ቀን ነው፣ ያውም በጽሑፍ።

3ኛ፦ ሰዉን ሰብስቡ፣ ግን አዲስ ማኅበር አትፍጠሩ

እድር አለ። የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር አለ። የወጣቶችም አለ። ከየአንዳንዱ አንድ አንድ ሰው ውሰዱና ከሰባት የማይበልጥ ኮሚቴ አድርጉት። በእድር ቀን፣ ሰው አስቀድሞ ተሰብስቦ ባለበት፣ ጉዳዩን አንሡ። ለብቻው ስብሰባ ብትጠሩ የሚመጡት ሁልጊዜ የሚመጡት ብቻ ናቸው።

አካባቢው ላይ የሲዳማ አባቶች ካሉ (ሀዋሳ ላይ የሌሉበት የት አለ?) ሽማግሌዎቹን ለምርቃት ብቻ አትጥሩ። ሶንጎ (የሽማግሌዎች ሸንጎ) ተቀምጠው ነገር ሲፈቱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ደንቡ ሲረቀቅ ይኑሩ፣ ጥፋተኛ ሲቀጣም ይኑሩ። የግጦሽ ጠብን እነሱ በአንድ ከሰዓት ይጨርሱታል፤ በቢሮ መንገድ ስንት ቀጠሮ እንደሚፈጅ ገምቱ።

ደንቡ አንድ ገጽ ይሁን። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ስንት። ለምሳሌ፦ ላም ከክትሩ (ሙላት ከሚከላከለው የአፈር ግድብ) በታች አይወርድም፤ ሳር አጭዶ መውሰድ ይቻላል፤ ቄጠማ በበዓል ዋዜማ ሳምንት ለተመዘገቡ ሴቶች፤ ባጃጅ ማጠብ ፈጽሞ ክልክል። ቅጣቱንም እዚያው ጻፉት፣ ትንሽ ይሁን፣ ግን ይከፈል። የኮሚቴው ሊቀ መንበር የወንድም ልጅም ይክፈል። በተለይ እሱ።

ስለ ባጃጁ አንድ ነገር። ሹፌሮቹን ከማባረር በፊት ሌላ ቦታ አሳዩአቸው። ሀዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ ወደ ውስጥ ያመጣል እንጂ ከዚያ የሚወስድ የለም፤ ውሃው በትነት ሲሄድ ዘይቱም ሳሙናውም እዚያው ይቀራል። ይህን ለሹፌሮቹ ስትነግሯቸው ይገባቸዋል፣ ብዙዎቹ ዓሣውን የሚበሉ ናቸውና። ግን "ታዲያ የት ልጠብ?" ለሚለው መልስ ከሌላችሁ ማታ ተመልሰው ይመጣሉ።

4ኛ፦ ቅርሱን መዝግቡ

ቅርስ ሲባል ሐውልትና ሙዚየም ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የወል መሬት ላይ ያለው ቅርስ ብዙ ጊዜ ባዶ ሜዳ ነው። ጉዱማሌን ተመልከቱ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጫምባላላ፣ የሚከበርበት ቦታ ዋናው ዋጋው ክፍት መሆኑ ነው። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። አያንቶዎች ከዋክብትን አይተው ቀኑን ይወስናሉ፣ ሕዝቡ ይሰበሰባል፣ የጎሳ መሪዎች ደግሞ ከሚያስተላልፉት ምክር አንዱ ነባር ዛፍ አትቁረጡ የሚል ነው። ዱርን የመጠበቁ ደንብ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው። ሰፈራችሁ ስብሰባ ላይ "ዛፍ አትቁረጥ ብሎ ነገር ምንድነው?" የሚል ከተነሳ መልሱን ለሽማግሌዎቹ ተዉላቸው።

እንግዲህ በሰፈራችሁ ያለው ሜዳም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ጠይቁ። የጭፈራ ቦታ ነበር? የድሮ ቀብር አለ? ሽማግሌ የሚቀመጥበት ዋርካ የትኛው ነው? የሚናገሩትን በስልካችሁ ቅዱት፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ። ከዚያ እነዚህን ቦታዎች ካርታው ላይ ክበቡና "አይተከልበትም፣ አይቆፈርበትም፣ አይነጠፍበትም" ብላችሁ ጻፉ። ለበዓል የሚያገለግል ሜዳ ላይ ችግኝ መደርደር ቅርስ ማፍረስ ነው፣ አረንጓዴ ቢሆንም።

ትልልቆቹን ዛፎች በተመለከተ፦ ምስማር አትምቱባቸው፣ ግንዳቸውን ነጭ ቀለም አትቀቡ፣ ዙሪያቸውን በሲሚንቶ አትክበቡ። የዋርካ ሥር መተንፈስ ይፈልጋል። መቀመጫ ካስፈለገ ከግንዱ ራቅ አድርጋችሁ፣ መሠረት ሳትቆፍሩ፣ ድንጋይ አስቀምጡ። ቁፋሮ ላይ የድሮ ሸክላ ወይም አጥንት ወይም ያልተለመደ ድንጋይ ከወጣ ሥራ አቁሙ፣ ባለበት ተዉት፣ ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ ወዲያው አሳውቁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ፣ ቁጥር 209፣ ይህን ግዴታ አድርጎታል።

5ኛ፦ ለዱሩ የሚሆን ዝብርቅርቅ ቦታ ተዉ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም። ሀዋሳ ሥርዓት የያዘች፣ ጽዱ ከተማ መሆኗን እንወዳለን። ሳሩ የታጨደ፣ ጠርዙ የተነጠፈ፣ ፊላው የተመነጠረ ሐይቅ ዳር ፎቶ ላይ ያምራል። ለወፍና ለዓሣ ግን በረሃ ነው።

ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የሚራባው ጥልቀት በሌለው፣ ተክል ባለበት ዳርቻ ነው። ጫጩቶቹ የሚደበቁትም እዚያው ፊላ ውስጥ ነው። ፊላው ሲመነጠር ዓሣው ይቀንሳል፤ ዓሣ አስጋሪው ደግሞ ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ይገዛል፣ ከዚያ ትንንሹም ይወጣል። ጎጆዋን ሸምና የምታንጠለጥለው ቢጫ ወፍም፣ በውሃ ላይ ባለ ቅጠል የምትራመደው ረጅም ጣት ያላትም፣ ያለ ፊላና ያለ ውሃ ተክል አይኖሩም።

ስለዚህ ዳርቻውን በሦስት ክፈሉት። አንዱ ክፍል ለሰው ክፍት፣ ጀልባ የሚጠጋበት፣ ልጆች ውሃ የሚያዩበት። አንዱ በየተራ የሚታጨድ። አንዱ የማይነካ። የሚታጨደውም ቢሆን በአንድ ዓመት ከሲሶው አይለፍ፣ ጊዜውም በጋ፣ ታኅሣሥና ጥር፣ ወፎች ጎጆ ጨርሰው ከወጡ በኋላ ይሁን። በክረምት አትጨዱ።

የሞተ ዛፍ ካላስፈራራ አታንሱት። ንስሩ ያለ ደረቅ ቅርንጫፍ ዓሣ አያይም።

አረም ግን ምሕረት የለውም። ቅንጬ አረም (ፈረምሲሳ የሚሉትም አሉ) አበባ ሳያወጣ፣ መሬቱ እርጥብ ሳለ፣ ከነሥሩ ይነቀል። ጓንት አድርጉ፣ ቆዳ ያሳክካል። ውሃው ላይ ወፍራም አረንጓዴ ቅጠል ያለው፣ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ ተንሳፋፊ ካያችሁ እምቦጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ታይቶ ምን እንዳደረሰ ሰምታችኋል። ያን ዕለት አውጡት፣ ከውሃው ርቆ ይድረቅ፣ ዳር ላይ ቆልላችሁ አትሂዱ። ከውሃው ጠርዝ የተተወው ሙላት ሲመጣ ተመልሶ ይገባል።

6ኛ፦ መንገዱን እግር ያውጣው

ሰው የሚሄድበት ቀጭን መንገድ አስቀድሞ አለ። እሱን አስተካክሉ እንጂ በወረቀት ላይ ያማረ ቀጥታ መስመር አታስምሩ፤ ሰው ሳሩን አቋርጦ ይሄድባችኋል። ስፋቱ ሜትር ተኩል ያህል ቢሆን ዊልቸር ያልፋል፣ ሁለት ሰውም ጎን ለጎን ይሄዳል። ጠጠር ወይም የተደለደለ አፈር ይበቃል። በክትሩ ላይ ከሆነ አደራ፣ ክትሩን አትቆፍሩ፣ ዛፍም አትትከሉበት። ከተማውን ከሙላት የሚከላከል የአፈር ሥራ ነው፣ ሥር ከገባበት ይሰነጠቃል። ሳር ብቻ።

"ቁጥቋጦው ሌባ ይደብቃል" የሚል ቅሬታ መምጣቱ አይቀርም። እውነትም አለው፣ በተለይ ሴቶች ሲናገሩት አድምጡ። መፍትሔው መመንጠር አይደለም። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሜትር ያህል ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ ቁረጡ፣ ዓይን አሻግሮ ይይ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ተዉት። መብራት ካስፈለገ ወደ መሬት የሚያይ እንጂ ወደ ሐይቁ የሚያበራ አይሁን።

ከመሸ በኋላ የጉማሬ መውጫ አካባቢ ያለው መንገድ ይዘጋ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ጉማሬ ከቶን በላይ ይመዝናል፣ ከእናንተ በላይ ይሮጣል፣ አመሻሽ ላይ ወጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ይግጣል። አደጋው የሚብሰው ሰው በእሱና በውሃው መካከል ሲገባ ነው። ሰሌዳ አቁሙ፣ በአማርኛም በሲዳምኛም፣ ሥዕልም ይኑረው። ወንበሮቹንም ከዚያ መስመር አርቁ። ፍቅረኞች ሰዓት አያዩም።

መግቢያ ክፍያ? አልስማማም። የወል መሬት ላይ ትኬት የተቆረጠ ዕለት የወል መሆኑ ያበቃል። ለሰርግ ፎቶና ለቪዲዮ ቀረጻ ግን መጠነኛ ክፍያ በደረሰኝ ብትቀበሉ ማንም አይቆጣም።

7ኛ፦ የዓሣ ተረፈ ምርትና ፌስታል

አሞራ ገደል፣ ሐይቅ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ጠዋት ጀልባ ሲጠጋ ዓሣው እዚያው ይላጣል፣ ይበለታል፣ አንጀቱ ይጣላል። አባ ኮዳዎቹ በመስመር ቆመው፣ መላጣቸውን ቀብረው፣ ተራ የሚጠብቁ ይመስላሉ። እግራቸው ነጭ የሆነው በተፈጥሮ አይደለም፤ ሙቀት ሲሆን በገዛ ኩሳቸው እየረጩት ነው የሚቀዘቅዙት። (ልጆቼ ይህን ከሰሙ በኋላ ፎቶ ለመነሳት መጠጋት አቁመዋል።)

ወፎቹ የወደቀውን ማንሳታቸው አይከፋም፣ ሥራ ያቀሉልናል። ችግሩ አንጀቱ በፌስታል ተቋጥሮ ሲጣል ነው። ከነፌስታሉ ይውጡታል። መንጠቆም አብሮ ይገባል። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ ተረፈ ምርት በባልዲ እንጂ በፌስታል አይወጣም፤ መንጠቆና የተበጠሰ ገመድ የሚጣልበት የብረት ጣሳ ከመበለቻው አጠገብ ይቀመጥ። የሚተርፈው ከውሃው ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ይግባ፣ በየቀኑ አመድና አፈር ይበተንበት። ዓመት ቆይቶ ለችግኝ የሚሆን አፈር ይሆናችኋል።

ጦጣና ጉሬዛን መመገብም ይቅር። ጉሬዛ ቅጠል በሊታ ነው፣ ሆዱ ቅጠል አብላልቶ እንዲፈጭ የተሠራ ነው፤ ዳቦና ብስኩት ያሳምመዋል። ጦጣው ደግሞ ከለመደ በኋላ ከልጅ እጅ ይነጥቃል፣ ይነክሳል፣ ከዚያ "ጦጣዎቹ ይወገዱ" የሚል አቤቱታ ይመጣል። ብስኩት ሻጩን አነጋግሩት፤ "ለጦጣ" ብሎ መሸጥ ቢያቆም ግማሹ ችግር ይቀላል።

መጸዳጃ ቤት ሳይኖር ሰው መጋበዝ የለም። ቢልሃርዚያ እዚህ ሐይቅ ዳር እንግዳ በሽታ አይደለም፣ ልጆችም ይዋኛሉ።

8ኛ፦ ገንዘቡና ቆጠራው

ሒሳቡ ቀላል ይሁን። በኮሚቴው ስም የባንክ ደብተር፣ ሦስት ፈራሚ፣ በየወሩ ገቢና ወጪ በወረቀት ተጽፎ እድር ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ቴሌግራም ላይም ልቀቁት፣ ግን ግድግዳው አይቅር። የመጀመሪያው ወጪ የጥበቃ ደመወዝ ይሁን። ከአጥር ይልቅ ሰው ያስከብራል።

ቦታው እየተሻለ መሆኑን የምታውቁት በስሜት አይደለም። በወር አንድ ጠዋት፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ቁማችሁ ወፍ ቁጠሩ፣ ፎቶም ከዚያው አንግል አንሱ። ስማቸውን ካላወቃችሁ ከሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከወንዶ ገነት ደንና ተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ተማሪ ጋብዙ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልግ አይጠፋም። ከመስከረም በኋላ ቁጥሩ ድንገት ቢዘል አትደነቁ፤ የአውሮፓን ብርድ የሸሹ ወፎች መጥተው ነው።

9ኛ፦ አሁን ችግኝ

ደረስን። ሀገር በቀል ይሁን፦ ሾላ፣ ዋንዛ፣ ግራር። አንድ ብቻ ይመረጥ ካላችሁኝ ሾላ፤ ፍሬውን ወፉም፣ ጦጣውም፣ የሌሊት ወፉም ይበላዋል። ብርብራም ግሩም ዛፍ ነው፣ ግን ዘሩ ተወቅጦ ዓሣ ለማደንዘዝ የሚጠቀሙበት ስላሉ ከውሃው ራቅ አድርጉት። ባህር ዛፍ አዲስ አትትከሉ። ያለውን ግን በአንዴ አትጣሉ፣ ምትኩ እስኪያድግ ወፍ ያድርበታል።

ጉድጓዱን በግንቦት ቆፍሩ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር፣ የላይኛውን ጥቁር አፈር ለብቻ አስቀምጡ፣ መጀመሪያ የሚገባው እሱ ነው። ሐምሌ ላይ ስትተክሉ ላስቲኩን አውጡ። አዎ፣ መናገር ያስፈልጋል፤ በዘመቻ የተተከለ ችግኝ ነቅላችሁ እዩ፣ ስንቱ ከነላስቲኩ እንደሆነ። ፍየል ስላለ እሾህ ክበቡበት። ከጥቅምት እስከ የካቲት ውሃ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ በስም ይመደብ፣ ለአንድ ቤት ከሦስት ችግኝ አይብለጥ።

የሚያጠጣ ሰው ከሌለ ችግኙ አይምጣ። ሐምሌ ላይ አንድ መኪና ሙሉ ችግኝ ይዞ የሚመጣ አካል ካለ አመስግኑት፣ የቆፈራችሁት ጉድጓድ አርባ ከሆነ አርባ ብቻ ተቀበሉ፣ ለቀረው ሌላ ሰፈር ጠቁሙት።